ከቁጥሩ ጎን ያለችው ቃል

«ዛላው የየት ነው?»

«የወንበርማ።»

«አቧራ በዝቶበታል።»

«አንስተው ይዩት።»

ደጀኔ ከጆንያው አፍ ላይ አንዲት ዛላ በርበሬ መርጦ አቀበለ። ሰውየው ወደ አፍንጫው አስጠጋት። አስነጠሰው። ማስነጠሱ የይለፍ ቃሉ አካል አልነበረም፤ የፍኖተ ሰላም በርበሬ ተራ ለሰላይም አፍንጫ አይመለስም። ዛላዋን ኮት ኪሱ ውስጥ ጣላት።

«ይወደዳል» አለና ሄደ።

«ይወደዳል» ማለት ተረክቤያለሁ፣ የሚከተልህ የለም ማለት ነው። ደጀኔ ትንፋሹን ለቀቀ። በዛላዋ ሆድ ውስጥ፣ ከፍሬው መካከል፣ ከጥፍር የማትበልጥ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ነበረች። ክረምቱን ሙሉ የለፋው ለእሷ ነው። የተረከበው ሰው ሃይለ ሚካኤል ይባላል፤ በመንግሥት የስለላ መሥሪያ ቤት የቅርብ አለቃው ነው፤ በሥራ ስሙ «አጎት»። የደጀኔ የሥራ ስም ደግሞ «ገብስ» ነው። ደጀኔ የሚለውም ቢሆን እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። መታወቂያው ላይ ያለ ስም ነው፤ መታወቂያውም የውሸት ነው። በዚያ ጉዳይ ውስጥ የውሸት ያልሆነ ነገር ቢፈለግ በርበሬው ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ምርት» የሚባል የስልክ አፕ አለ። ገበሬው በርበሬውንና በቆሎውን ለኩባንያው ያስረክባል፤ ዋጋው እጁ ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ ይገባል። ቁጥር ይመጣል፤ ከቁጥሩ ጎን «ብር» የሚል ቃል ይመጣል። በዚያ ከኩባንያው መደብር ማዳበሪያ ይገዛበታል፤ ለጎረቤት ይልክበታል። ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ግን «ከፋሲካ በኋላ» ነው ተባለ። ፋሲካ ሲያልፍ «ከክረምቱ በኋላ» ሆነ።

በርካሽ ስልክ ላይ «ብር» የምትለዋ ቃል አትነበብም ነበር። ስልኩ የአማርኛ ፊደል ስለሌለው በቃሏ ቦታ ባዶ ሣጥን ይደረድራል። ገበሬው ሣጥኑን አላመነም። «ይኸ ምንድን ነው? ምን ሊከቱበት ነው?» እያለ በርበሬውን ጭኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ኩባንያው ደነገጠ። ሣጥኑን ወደ «ብር» የሚለውጥ ባለሙያ ፈለገ፤ ያ ባለሙያ ደጀኔ ሆኖ ገባ። ካምና ጀምሮ ከቡሬ ሽንዲ፣ ከሽንዲ መራዊ እየዞረ የሰው ስልክ ሲያስተካክል ከረመ። ሣጥኑ ጠፍቶ «ብር» ሲመጣ የሰው ፊት ይፈታል። «እጅህ ይባረክ» ይሉታል። እሱም «አሜን» ይላል። ምን ያድርግ?

የኩባንያው ባለቤት ወልደ ገብርኤል ይባላል። በወልደ ገብርኤል ስልክ ላይ ያው ቁጥር፣ በያው ገበሬ ስም፣ ከጎኑ «ብር» አይልም። «ነጥብ» ይላል። ነጥብ ደግሞ ከኩባንያው መደብር ውጭ ስባሪ ሳንቲም አያወጣም። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ይህን የሚያሳየው ቪዲዮና የአፑ ኮድ ነው ዛላዋ ሆድ ውስጥ ያለው።

ሥራው አለቀ ማለት ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም።

ቡሬ ያለችው አከራዩ ናዚፋ ግን አንጀቱን ትበላዋለች።

ቡሬ ገበያ ላይ ባዕድ ሰው ተነስቶ የሰው ስልክ አይነካም። መጀመሪያ የመጣ ዕለት የገበያው ሽማግሌዎች ከበቡት። መታወቂያ አሳየ። የትምህርት ማስረጃ አሳየ። የኩባንያውን ደብዳቤ አሳየ። የበርበሬ ነጋዴዎቹ አንጋፋ ሐጂ ዑስማን ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱለት።

«ጥሩ ነው ልጄ። ዋስህ ማን ነው?»

አዲስ አበባ ተቀምጠው ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ሁሉን አስበው ዋስ አላሰቡም።  ያን ጊዜ ክፍል ያከራየችው ሴት ከበርበሬ ሚዛኗ ኋላ ተነሳች። ናዚፋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን ይዛ ልጇን ሪሃናን የምታስተምር ሴት ናት፤ ስትስቅ ገበያው በሙሉ ይሰማታል።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች።

«የሰው ነው የገንዘብ?» አሉ ሐጂ ዑስማን።

«የሰውም የገንዘብም። ከጠፋ አቀርበዋለሁ። ካላቀረብሁ ሱቄ ያውላችሁ።»

ደጀኔ በኋላ ቤት ሲገቡ፣ «ኧረ እትየ ናዚፋ፣ በቅጡ እንኳ አያውቁኝም» አላት።

«የቤት ኪራይ ሳልጠይቀው የሰጠኝ ተከራይ አንተ ብቻ ነህ። ሌላ ምን ልወቅ?» ብላ ሳቀችበት።

በዚያ ሰሞን ለሃይለ ሚካኤል «ሽፋኔ ጠንክሯል» ብሎ ላከለት። ሞኝ! ዋስ ማለት ፊርማ መስሎት ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩን የሚሰጠው፣ በርበሬውንም የሚያስረክበው «ናዚፋ ዋስ የሆነችለት ነው» እያለ መሆኑን ሲያይ ነው የገባው። አፑ የፈረሰ ዕለት ሰው ኩባንያውን ሲፈልግ አይውልም። ሰተት ብሎ ወደ ዋሷ ነው የሚሄደው።

ለዚህም ነው ካርዷን ከማስረከቡ በፊት ሃይለ ሚካኤልን ቃል ያስገባው። አፑ ከመዘጋቱ በፊት ማንነቱ ለሽማግሌዎቹ ይነገራል፤ ናዚፋም ከዋስነቷ ትወርዳለች።

«አንተ ካርዷን አምጣልኝ እንጂ ለሴትየዋ እኔ አለሁ» ብሎት ነበር አጎት።

ጆንያውን እያሰረ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ወልደ ገብርኤል ነው።

«የት ነህ?»

«ገበያ።»

«ቢሮ ና። ቶሎ በል።»

ቢሮው ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከመጋዘኑ በላይ ፎቅ ላይ ነው። ግቢው በአህያና በጋሪ ተሞልቷል፤ ገበሬው የዓመቱን በርበሬ ለማስረከብ ወረፋ ይዟል። ደጀኔ ሰላምታውን እየመለሰ ደረጃውን ወጣ። በሩ ላይ ዘበኛው ስልኩን ተቀበለው። ሌላ ቀን ተቀብሎት አያውቅም።

ገባ።

ዛላዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

ሆዷ ተቀዷል። ፍሬዋ ተበትኗል። ካርዷ የለችም።

ወልደ ገብርኤል ፍሬውን በጣቱ ቀስ እያለ ይሰበስባል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው ሰው የለም።

«በርበሬ ውስጥ!» አለ። «ጎበዝ ነህ እኮ። እኔ ብሆን አላስበውም።»

ወልደ ገብርኤል ፍሬውን ወደ ዳር ገፋ አደረገው።

«አጎትህ ግን ርካሽ ሰው ነው። ዋጋ ጠርቼ ሳልጨርስ እሺ አለኝ። ቁጭ በል እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?»

ቁጭ አለ። ሃይለ ሚካኤል ሸጦታል። ከበርበሬ ተራው በቀጥታ እዚህ መጥቶ ነው የሸጠው።

«ዛሬ አንድ ሥራ አለን» አለ ወልደ ገብርኤል። «ለሁሉም የበዓል ጉርሻ ይግባለት። ቁጥሩን ከፍ አድርገው። ይህን ሲያይ ግቢ ቆሞ የሚያመነታውም ያስረክባል፤ ቤቱ የቀረውንም ያመጣል። ሰሞኑን እኔ እዚህ አልኖርም። አንተም ድርሻህን ይዘህ ወዳሰኘህ ትሄዳለህ።»

«እምቢ ብልስ?»

«ዋስህ ቡሬ ናት አይደል? ያች ሳቂታዋ።» ስልኩን አነሳ። «ለሐጂ ዑስማን ልደውል? ደጀኔ ዘርፎን ጠፋ ልበላቸው? ምን እንደሚሆን አንተው ታውቃለህ።»

ደጀኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ወልደ ገብርኤል ከኋላው ቆመ።

የታዘዘውን ከላከ ግቢ ያለው በርበሬ በሙሉ ተጭኖ ይሄዳል። የኋላ ኋላ እውነቱ ሲወጣ ናዚፋ ያው ዋስ ናት፤ እንዲያውም የዘንድሮው ይጨመርባታል። እሱ ካልላከው ሌላ ሰው ይልከዋል። ካርዷ የለችም። አለቃው ተገዝቷል። እጁ ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ ከቁጥሩ ጎን ያለችው። እሷን ከነካት የዘንድሮው ምርት ይተርፋል። ናዚፋን ግን ዛሬውኑ ገደል ይከታታል፤ ያውም ሳይነግራት።



ቁጥሩን ከፍ አደረገ፣ እንደታዘዘው። ከዚያ ወረድ አለ። ኮዱ ውስጥ ቃሎቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ አንድ ካሉት «ብር» ይመጣል፣ ሁለት ካሉት «ነጥብ»። አንዱን ሁለት አደረገው። ለሁሉም ስልክ።

«ቆይ» አለ ወልደ ገብርኤል።

ደጀኔ ጣቱን አነሳ።

«መጀመሪያ በስልክ ልየው። ለእኔ ብቻ ላክልኝ።»

ላከለት። ወልደ ገብርኤል ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አፈጠጠበት። ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ከጎኑ «ነጥብ» ይላል።



«ጥሩ ነው» አለ ወልደ ገብርኤል።

የእሱ ስልክ ድሮም «ነጥብ» ነው የሚለው። «ብር» የሚያየው ሌላው ሰው ነው፤ የሌላ ሰው ስልክ ለማየት ደግሞ አላሰበም።

«በል አሁን ለሁሉም ላክ።»

ላከ።

ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ዘበኛው ቀና ብሎ አላየውም። የገዛ ስልኩን ይዞ ደንዝዟል፤ ለካ የእሱም ደመወዝ እዚያው አፕ ላይ ነው የሚገባው። ደጀኔ ደረጃውን ወረደ። ስልኩን ተቀብሎ ለናዚፋ አንድ ቃል ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ ስልኩ ግን ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። መመለስ አይችልም።

ግቢው ጸጥ ብሏል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል።

«ደጀኔ! ና እስቲ ልጄ።»

አያ ቢያድግልኝ ናቸው፤ ከአዊ በኩል መጥተው ቡሬ አጠገብ የሚያርሱ ሽማግሌ። አህያቸውን በአንድ እጅ፣ ስልካቸውን በአንድ እጅ ይዘዋል።

«ይች ስልክ ደግሞ ተበላሸች። ነጥብ ትላለች።»

«አልተበላሸችም አያ።»

«ምን አልተበላሸችም? ብር አድርግልኝ እንጂ። ያኔ አድርገህልኝ የለም?»

ደጀኔ ወደ አህያው ጠጋ አለ።

«አያ፣ በርበሬዎን ጭነው ይመለሱ። አሁኑኑ። ለማንም እንዳያስረክቡ።»

«ያምናውስ? ያምናው በዚች ውስጥ ነው እኮ ያለ!»

 አያ ቢያድግልኝ ስልኳን ዘርግተው ቆዩ። ከኋላቸው አንዲት ሴት እሪ አለች። ከዚያ ግቢው በሙሉ ጮኸ። የመጀመሪያው ድንጋይ የቢሮውን መስታወት ሰበረው።

«ያዙት!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ወልደ ገብርኤል ነው፤ ለካ መጮህ ይችላል።

ደጀኔ ሮጠ።

ሁለት ዘበኞች ዱላ ይዘው ተከተሉት።

በጋሪዎቹ መካከል አለፈ። መንገድ ላይ ወጣ። ባጃጅ የለም። አንዲት ነጭ መኪና አጠገቡ ቀጥ አለች፤ በሯ ተከፈተ። ውስጥ የተቀመጠው ሃይለ ሚካኤል ነው።

ዘበኞቹ ደረሱ።

ገባ። ሌላ ምን መግቢያ ነበረው?

መኪናዋ የቡሬን መንገድ ያዘች። ሃይለ ሚካኤል እየነዳ አላፈረም፣ አልተቆጣም።

«ሸጡኝ» አለ ደጀኔ።

«ሸጥሁህ። አንተ ግን ገበያውን አነደድኸው። አሁን የሚያዋጣን ሥራውን የሠራነው እኛ ነን ማለት ነው። ወልደ ገብርኤልን መራዊ ላይ ኬላው እንዲጠብቀው ነግሬያለሁ። ያዘዝሁት እኔ፣ ያስያዝሁት እኔ። አንተንም ወደ ሌላ ቦታ አስመድብሃለሁ።»

«ገንዘቡስ?»

«የትኛው ገንዘብ? ከአገር የወጣው ከወጣ ቆየ።»

የቡሬ ቤቶች ታዩ። አስፋልቱ ዳር፣ ናዚፋ ሱቅ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወሬው ቀድሟቸዋል። በሰው ትከሻ መካከል የሻሿን ጫፍ አየ፤ እጇን እያወዛወዘች ታስረዳለች።

«ያቁሙልኝ!»

ሃይለ ሚካኤል በሩን ቆለፈ።

«ያቁሙልኝ እያልሁ ነው! ማንነቴን እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ? መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንተን በመልክ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ደጀኔ የሚባለው የኩባንያው ባለሙያ ጠፍቷል፤ ተፈላጊ ነው። ገብስ የሚባለውን ደግሞ ማንም ሰምቶ አያውቅም።»

«ናዚፋን ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ማን ዋስ ሁኚ አላት?» አለ ሃይለ ሚካኤል። ቡሬን አልፈው ሄዱ።

ወልደ ገብርኤል በዚያው ቀን መራዊ ላይ ተያዘ። አፑ ተዘጋ። በዚያ ዓመት ያልተሸጠው በርበሬ በየቤቱ ተረፈ፤ ያምናው ግን እንደወጣ ቀረ። ሃይለ ሚካኤል ምስጋና ተቀበለ። ለደጀኔ አዲስ ስም፣ አዲስ መታወቂያ፣ በሌላ ክልል አዲስ ምድብ ሰጡት። ባሕር ዳር ሆኖ ሲጠያይቅ፣ የቡሬ ሽማግሌዎች ሰውየውን እንድታቀርብ ለናዚፋ እስከ ጥምቀት ማግስት ድረስ ጊዜ እንደሰጧት ሰማ።

በጥምቀት ማግስት ቡሬ ላይ ከመኪና ወረደ። ጢሙን ተላጭቷል፤ ፀጉሩን ከሥሩ ተቆርጧል፤ መነጽር አድርጓል። የሚናገረውን መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው መጥቷል። «እኔ ነኝ። እሷን ልቀቋት።» ይህችኑ ነው የሚለው።

የናዚፋ ሱቅ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የበርበሬ ጆንያዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረዋል። ሪሃና ደፉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ሐጂ ዑስማን ከዘራቸውን ተደግፈው ወንበር ላይ ናቸው። ዙሪያውን ሰው ሞልቷል፤ ብዙው ዱላ ይዟል። አያ ቢያድግልኝም አሉ፤ ያችን ስልክ አሁንም በእጃቸው ይዘዋታል።

ናዚፋ መሃል ቆማለች። ከስታለች።

ደጀኔ ቀረበ። 

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ አንድ ጎረምሳ። «ይኸ ያ የስልኩ ሰውየ አይደለም እንዴ?»

ሰው ዞረ።

ዱላ ተነሳ።

አያ ቢያድግልኝ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «እኔስ ዓይኔ አይለይልኝም» አሉ። «ናዚፋ ትለየዋለች። እሷ ቤት ነው የኖረ።»

ሐጂ ዑስማን ቀስ ብለው ተነሱ።

«ናዚፋ» አሉ። «ይኸ ያ ልጅ ከሆነ አቀረብሽው ማለት ነው። ዋስነትሽ ወረደ። ዕቃሽ ወደ ሱቅሽ ይገባል። ንገሪን።»

ናዚፋ አየችው። ዓይኗ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ እንዳወቀችው አወቀ። ከዚያ ዙሪያውን አየች። የጎረምሶቹን ዱላ አየች፤ አንዱ ገና ሳትመልስ ወደፊት ተራምዷል።

«እኔ...» አለ ደጀኔ፤ ድምፁ አልወጣም።

«አላውቀውም» አለች ናዚፋ።

«እንዴት አታውቂውም? አስተውለሽ እይው!»

«አላውቀውም አልሁ። መንገደኛ ነው። አሳልፉት።»

«ወላሂ ትበል!» አለ ጎረምሳው። «ወላሂ ብላ ትማል!»

ናዚፋ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ሐጂ ዑስማን እሷን አዩ፣ ዱላዎቹን አዩ፣ ደጀኔን ረዘም አድርገው አዩት። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«መሐላ አያስፈልግም። ቃሏ ይበቃል» አሉ። «መንገድ ስጡት።»

ሰው እያጉረመረመ ተከፈለ። ናዚፋ ፊቷን አዞረች። «በሉ፣ የቀረውን አውጡና ጨርሱ» አለች፤ ሪሃናን ከደፉ ላይ አስነሳቻት።

ደጀኔ በመካከላቸው አለፈ። እግሩ ወደ መናኸሪያው ወሰደው። ሚኒባሱ ግማሽ ነው የሞላው። ረዳቱ ስሙን ጠየቀው፤ አዲሱን ስም ነገረው። የመስኮት ዳር ወንበር ተሰጠው። ከዚያ ወንበር የናዚፋ ሱቅ ይታያል። ጆንያዎቹን ጋሪ ላይ ጫኗቸው። መደርደሪያውን አወጡት። በመጨረሻ ሚዛኑን ሁለት ሰዎች ተሸክመው አወጡት፤ ናዚፋ ደፉ እንዳያደናቅፋቸው መንገድ አሳየቻቸው።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆመ። በሩ ክፍት ነበር። ወርዶ «እኔ ነኝ» ለማለት ሰፊ ጊዜ ነበረው።

አልወረደም።